ስለ ትጋት፤ ለዓሣ ወይስ ለባልንጀራ

ዓምባዛ ሌሊት መብሉን የሚፈልግ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከሃና ወዲያ በኦሞ ወንዝ ዳር ሊያጠምደው የሚወድ ሰው እንቅልፉን መተው ግድ ይሆንበታል። ወንዙም ዐዞ አለበትና፥ አንዱ መንጠቆውን ሲይዝ ሁለተኛው ውኃውን ሊጠብቅ ይገባል። እንግዲህ ይህ ሁለተኛው የሚነቃው ስለ ዓሣው ነውን ወይስ ስለ ባልንጀራው? ገመዱ ሲወጠር ይታወቃል፤ ድርሻ የሚጠብቅ ዓይን ወደ መንጠቆው ይሄዳል፥ ውኃውም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ጴጥሮስ፥ ያዕቆብና ዮሐንስ ዓሣ ፍለጋ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ያደሩ ነበሩ (ሉቃ. 5፥5)። እነዚሁ በጌቴሴማኒ ከመምህራቸው ጋራ አንዲት ሰዓት መትጋት ተሳናቸው (ማቴ. 26፥40)። ጌታ ድካማቸውን አውቆ አልጣላቸውም፤ ለእኛ ግን ለጥቅም የሚነቃ ዓይን ለፍቅር ፈጥኖ እንዲከብድ ያስተምረናል።

ዓምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ ከማይበሉት ወገን ነው (ዘሌ. 11፥10)። ይህን ሕግ የሚጠብቅ ሰው ከሚያጠምድ ወዳጁ ጋራ ቢያድር፥ ከዓሣው ድርሻ የለውምና ንቃቱ ሁሉ ለባልንጀራው ነው፤ ገመዱ ቢወጠርም ዓይኑ ከውኃው አይነሣም።

አንባቢ ሆይ፥ በከተማም ወንዙ አለ። ባለጸጋ ሲታመም አስታማሚው ብዙ ነው፤ የሚወረስ ከሌለው ድኃ ራስጌ ተቀምጦ የሚያነጋ ግን እርሱ በእውነት ባልንጀራ ይባላል።