የጸሎት ፍሬው ምንድር ነው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ክረምቱ በጊዜው ሳይገባ የቀረ እንደ ሆነ ካህናቱ መስቀል ይዘው፣ ሕዝቡም ተከትሎ፣ ምሕላ ይይዛሉ፤ እግዚኦ ይላሉ። ሱባዔው ተፈጽሞ ሰማዩ ሳይደምን የቀረ እንደ ሆነ ግን በአንዳንዱ ሰው ልብ፣ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ያን ያህል ጸለይን፤ ምን አገኘን? የሚል ነው። የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያየ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ጥያቄው ከክሕደት ሳይሆን ከጭንቀት የሚነሣ ነውና በተግሣጽ ብቻ ዝም ልናሰኘው አይገባም።

የጥያቄው ሥር ጸሎትን እንደ ገበያ መቍጠራችን ነው። አንዱ፦ ልጄ ከዳነልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ ይሳላል። ስለት የተከለከለ አይደለም፤ የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐናም ተስላለች። ዳሩ ግን መጽሐፉን (1ኛ ሳሙ. 1፥18) አስተውሎ ላነበበው ሰው፣ ሐና እህል የቀመሰችው፣ ፊቷም ከኀዘን የተመለሰው ገና ሳትፀንስ ነው። ልጁ የመጣው ኋላ ነው። እንግዲህ በዚያች ዕለት የተቀበለችው ምንድር ነው? ኀዘኗን በእግዚአብሔር ፊት አፍስሳ ከእርሱ ጋር መሆኗን ነው። ጸሎት አስቀድሞ የሚሰጠው ይህን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ 3 ጊዜ ለምኖ የሥጋው መውጊያ አልተነሣለትም (2ኛ ቆሮ. 12፥8)። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው ያልፍ ዘንድ በሥጋው ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም፤ ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት (5፥7) ግን ጸሎቱ ተሰማ ይላል።

ይህን ማለታችን ዝናም መለመን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጌታችን ያስተማረን ጸሎት ራሱ የዕለት እንጀራን ያስለምናል።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ምሥጢር በዜማም ያውቁታል። በዚሁ በጋይንት ምድር ያለችው ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ናት። ዝማሬ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ በ5 ክፍል የሚነገር፣ ከቍርባን በኋላ የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ መዋሥዕት ደግሞ በሙታን ጸሎት ላይ ይባላል። ደቀ መዝሙሩ ቍራሽ እየለመነ የሚደክምበት ትምህርት አንዱ ከቅዱሱ ማዕድ፣ ሁለተኛው ከመቃብር አፋፍ ነው። የተቀበለ ሰው የጎደለው የለም፤ ለሞተውም ሰው አዝመራ አይለመንለትም። ጸሎት ጎተራ ለመሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን በሁለቱም ጊዜ ዝም ባለች ነበር።

ምሕላ ሲያዝ ካህኑ አስቀድሞ ታረቁ ይላል፤ አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለዋልና። እኔን ግን ከቂሙ ይልቅ ጎተራው ያሳስበኛል። እህሉን ቆልፎ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ከምሕላው መካከል ሲቆም አፉ ዝናም ይለምናል፤ ጎተራው ግን ድርቁ ይረዝም ዘንድ ይለምናል። እንዲህ ያለውን ሰው ካህኑ ምሕላውን ከማወጁ በፊት ለብቻው ጠርቶ ሊያነጋግረው ይገባል፤ በሕዝብ ፊት ማሳፈር አያሻም። ሰውዬው እሺ ብሎ እህሉን በደኅናው ዘመን ዋጋ ቢሸጥ፣ ለድኃው ጎረቤቱም ጥቂት ቍና ቢሰፍር፣ ደመና ገና ሳይታይ የምሕላው ፍሬ ለዚያ መንደር መድረስ ጀምሯል።