በሰው ስም ላይ ለተሾሙ ሰዎች የቀረበ ምክር

በቀድሞው ዘመን ንብረት ሲሰረቅ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። መድኃኒት የተጋተው ብላቴና እየተንገዳገደ በየመንደሩ ሲዞር፣ ደርሶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝና ዕዳ ይከፍል ስለ ነበር፣ ሕዝቡም ብላቴናው ወዴት እንደ ሄደ እንጂ ማን ምን አጠጥቶ ወዴት እንደ መራው የሚመረምርበት ሥርዓት ስላልነበረው፣ በደል ያልሠራ ሰው ያለ ምስክርና ያለ ክርክር ወንጀለኛ ሆኖ ይውል ነበር። ያ ልማድ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ግን ዛሬ ስም ሲጠየቅ ስም ያወጣል፤ ያን ስም ያስገባው ማን ነው፣ የፈለገውስ ማን ነው፣ ስለ ምን ጉዳይ ፈለገው ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ መሣሪያው ዘመናዊ ሆነ እንጂ ፍርዱ ከሌባሻይ ፍርድ አልራቀም።

የወንጀል መዝገብ ስለ ሰው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ሌላው ምስክር ችሎት ፊት ቆሞ ይምላል፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፣ ቢዋሽም ይቀጣል፤ መዝገብ ግን ባለቤቱ በሌለበት ይመሰክራል፤ ሰውዬው ሥራ ሲጠይቅ፣ በኬላ ሲፈተሽ፣ ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ አስቦ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ሊያወጣ ለፌዴራል ፖሊስ አሻራውን ሲሰጥ፣ ምን እንደ ተባለበት ሳያውቅ ይፈረድበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ በመዝገብ የጎደፈ ስም ከባለቤቱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል። ስለዚህም በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የከለከለው የኦሪት ትእዛዝ፣ የመጣን ወሬ ሳያረጋግጡ በሰው ላይ እንዳይነሡ፣ የሰውንም ገመና እንዳይሰልሉ የሚያስጠነቅቀው የሱረቱል ሑጁራት ቃል፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ በአንቀጽ 26 ግላዊ ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ሦስቱም መዝገብ የሚጽፈውንና የሚከፍተውን እጅ ይመለከታሉ።

ይህ ምክር በሶማሌ ክልል፣ በጅጅጋና ከእርሷ በስተሰሜን ባሉት ከተሞች፣ በአውበሬና በሸደርም፣ በተለይ ሊሰማ ይገባዋል። ጄል ኦጋዴን ተብሎ ይጠራ የነበረውን የጅጅጋን ወህኒ ቤት የሚያስታውስ ሰው፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ብዙ እስረኞች ክስ ሳይመሠረትባቸውና ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለዓመታት መከራ መቀበላቸውን እንደ ገለጠ፣ ወህኒ ቤቱም በ2011 ዓ.ም. መባቻ እንደ ተዘጋ ያውቃል። የታሰረበት ቀን፣ ያሰረው ሰው ስምና የታሰረበት ምክንያት በእውነተኛ መዝገብ ቢጻፍ፣ ያን መዝገብም የሚመረምር የበላይ ቢኖር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ የሚገባው ሰው ዓመታት ሲቆጠሩበት ዝም ብሎ ማለፍ እንዲህ ቀላል ባልሆነ ነበር። እንግዲህ በደል የሚሠራው ሐሰት በተጻፈበት መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ባዶ በተተወውም መዝገብ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የስም ነገር አለ። በሸደር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉበት ሰፈር ከነዋሪው ከተማ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በአንድ ገበያ ሦስትና አራት ሰዎች መሐመድ ዐብዲ ሐሰን ተብለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሀገሬውም እነርሱን የሚለያቸው በአያታቸውና ናናይስ በሚባለው ቅጽል ስማቸው ነው። የሶማልኛው የላቲን ጽሕፈት ኤክስ የተባለውን ፊደል ለሐ፣ ሲ የተባለውን ለዐ ስለሚጠቀምበት፣ ይህን ያልተማረ ጸሐፊ መሐመድን ማክሳመድ፣ ዐብዲን ካብዲ አድርጎ ወደ ፊደላችን ቢመልሰው፣ አንዱ ሰው በመዝገብ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም መሐመዶች ደግሞ የልደት ቀናቸውን ባለማወቃቸው የፈረንጆች ጥር 1 ቀን ተብሎ ከተጻፈላቸው፣ ሁለቱ ሰዎች በመዝገብ አንድ ይሆናሉ። ሞክሼው ያጠፋው ጥፋት በእርሱ ላይ የተቆጠረበት ስደተኛ፣ ለመንቀሳቀሻ ፈቃድም ሆነ በሦስተኛ ሀገር ለመስፈር ስሙ ሲጣራ፣ የማን ኃጢአት እንዳገደው አያውቅም፤ የሚሟገትለት ዘመድም በቅርብ የለው ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ሥልጠና ነው። ሥልጠና ማለት በሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ተቀምጦ አበል መቀበልና የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል አይደለም። መዝገብ የሚከፍት ሰው የየቋንቋውን የስም አጻጻፍ ለይቶ ሊያውቅ፣ የአያት ስምና ናናይስን ሳይጽፍ መዝገብ ላይዘጋ፣ ዘመኑ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ወይም የሂጅራ ሳይለይ ቀን ላያስገባ፣ ተጠርጣሪን ከተከሳሽ፣ ተከሳሽን ከተፈረደበት፣ ክሱ የተቋረጠለትንም በነፃ ከተሰናበተው ሳያደባልቅ ሊጽፍ ይገባዋል። ይህንንም በቃል ተናግሮ ሳይሆን በፈተና አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ፈተናውም በየጊዜው ይደገም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የኤፍ ቢ አይ የወንጀል መረጃ ማዕከል ተጠቃሚዎቹን የሚያሠለጥነው፣ መሥሪያ ቤቶቻቸውንም ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመረምረው፣ በመዝገቡ የተገኘ የእስር ትእዛዝም ትእዛዙን ካስመዘገበው መሥሪያ ቤት ሳይረጋገጥ ሰው እንዳይታሰርበት የሚያዘው፣ ሰው እንደሚሳሳት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

ያም ሆኖ ስሕተት ከአሜሪካም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአላባማ አንድ ፖሊስ ስለ አንድ ሰው ቢጠይቅ፣ የጎረቤቱ አውራጃ ኮምፒዩተር የእስር ትእዛዝ አለበት ብሎ መለሰ፤ ሰውዬው ተይዞ ተፈተሸ፤ የዚያ አውራጃ ጸሐፊ ግን የትእዛዙን ወረቀት ለመላክ ፋይሉን ብትፈልግ አጣችው፤ ፍርድ ቤቱን ብትጠይቅ ትእዛዙ ከአምስት ወር በፊት ተሽሯል ተባለች። ስሕተቱ የታወቀው በሩብ ሰዓት ውስጥ ነበር፤ ሰውዬው ግን በፍተሻው በተገኘበት ዕፅና መሣሪያ ተከሶ ነበርና፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 ፍርዱ ጸናበት። ጥፋተኛ መሆኑ ሌላ ነገር ነው፤ ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግን ፍርድ ቤት የሻረውን ነገር ፖሊስ ካልሻረው፣ ነገ በዚያው መንገድ የሚያዘው ምንም ያልያዘ ሰው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ምርመራ፣ ይኸውም ኦዲት ስለሚባለው ነው። ብዙ ሰው ኦዲት ሲባል እንደ ሌባ መጠርጠር ይመስለዋል። ነገር ግን በመጽሐፈ ሶስና የምናነበው ዳንኤል፣ ሶስናን በሐሰት የከሰሷትን ሁለቱን ሽማግሎች ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት በጠየቀ ጊዜ፣ ሽማግሎቹ በሕዝቡ ዘንድ የተከበሩ ዳኞች ነበሩ፤ ክብራቸው ከመጠየቅ ቢያድናቸው ኖሮ ንጽሕት ሴት በሞት በተቀጣች ነበር። እንግዲህ የጣቢያው ኃላፊ በየወሩ ከተደረጉት ፍለጋዎች ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥቶ፣ ፈላጊውን ጠርቶ፣ ይህን ስም ስለ ምን ፈለግኸው፣ የምርመራ መዝገቡስ ቁጥር የት አለ ብሎ ይጠይቅ፤ በኮምፒዩተሩ ያለውንም ከወረቀቱ ፋይልና ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋር ያስተያይ። የአንዱ ሳጅን የይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ተደርጎ የሌሊቱ ተረኛ፣ የቀኑ ተረኛ፣ አንዳንዴም ሻይ ይዞ የገባው እንግዳ የሚከፍትበት ጣቢያ ካለ፣ በዚያ ጣቢያ የተሠራ በደል ባለቤት የለውም፤ ቅን የሆነው ሳጅንም ያልሠራውን ኃጢአት ይሸከማል። ስለዚህ ምርመራ ለንጹሕ ሠራተኛ ጋሻው ነው፤ የሚፈራውም በሌላው ስም የሚሠራ ሰው ነው።

ሦስተኛው ምክሬ ስለ ዘመድ ነው። በሀገራችን ዘመድ የለመነውን መከልከል ነውር ነው፤ የጎሳ ትስስር በጸናበት በሶማሌ ክልል ደግሞ ልመናው ይከብዳል። ልጃችንን ሊያገባ የመጣውን ሰው አጣራልን፣ ከእኛ ጋር በመሬት የሚከራከረው ሰው ታስሮ ያውቅ እንደ ሆነ እይልን የሚል ስልክ ሲመጣ፣ ፈላጊው የራሱን ቁልፍ ይዞ በራሱ ጠረጴዛ ስለ ተቀመጠ ያጠፋ አይመስለውም። በአሜሪካዋ ጆርጂያ አንድ ሳጅን ገንዘብ ተቀብሎ የሰው የመኪና ሰሌዳ በፖሊስ ኮምፒዩተር ፈልጎ በኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ ቢፈረድበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመክፈት ፈቃድ ነበረው ብሎ ያን ፍርድ ሽሮለታል። የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ይከሳል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕግ ግን ከደረሰ በኋላ ይቀጣል እንጂ ስልኩ ሲጮህ ከጠረጴዛው አጠገብ አይቆምም። በዚያች ሰዓት ለዘመድ የሚሰጠው መልስ፣ ጉዳይ ካላችሁ ለጣቢያው አመልክቱ፣ እኔ ግን መዝገብ ቁጥር የሌለውን ስም አልፈልግም የሚል ይሁን። የሀገር ሽማግሎችም ይህን የሚመልሰውን ልጅ ዘመዱን ከዳ ብለው አይውቀሱት፤ ነገ የሚፈለገው ስም የእነርሱ ሊሆን ይችላልና።

ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤትም ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም። ክሱ የተቋረጠበትን፣ በነፃ የተሰናበተበትን፣ በይግባኝ የተሻረበትን ውሳኔ ለፖሊስ ሳይልኩ መዝገቡን ቢዘጉ፣ እሥራቱ ተጽፎ ነፃነቱ ሳይጻፍ ይቀራል። በወንጀል ሕጋችን የተፈረደበት ሰው እንኳ ቅጣቱን ፈጽሞ፣ ጠባዩን አሳምሮ፣ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ይቅር ያለውን ሰው የመዝገብ ጸሐፊ በስንፍናው ዕድሜ ልክ ሊቀጣው አይገባም። አንተም ባለጉዳይ፣ ስምህ በስሕተት የተጻፈ ሲመስልህ ለደላላ ገንዘብ አትስጥ፤ የተፈረደልህን ውሳኔ ግልባጭ ከነማኅተሙ ያዝ፣ ማመልከቻህን በጽሑፍ አግባ፣ ያስገባህበትንም ቁጥር ጠይቅ።

በመጨረሻም ለአዛዦች የምለው አለኝ። ሥልጠናና ምርመራ በተራ ፖሊስ ላይ ብቻ የሚወድቅ ቅጣት መስሎ ከታየ፣ ፖሊሱ ጥበቡን ሁሉ ዱካውን ለመሰወር ያውለዋል፤ ኮማንደሩ ራሱ ፈተናውን ከበታቾቹ ጋር ተቀምጦ ቢፈተን፣ በዕጣውም የራሱ ፍለጋ ቀድሞ ወጥቶ በሁሉ ፊት ምክንያቱን ቢናገር ግን፣ ለሌላው የሚቀረው ማመካኛ አይኖርም። ስለዚህ አዛዥ ሆይ፣ የዚህ ወር ምርመራ ከአንተ ይጀምር።