ልብ ወለድና የልባችን ምኞት



ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው መሆኑን ያስተምረናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ እመቤታችን ያየችውንና የሰማችውን በልቧ እየጠበቀች ታሰላስለው እንደ ነበር እናነባለን። እንግዲህ ልብ ክፉውም በጎውም የሚወለድበት ማሕፀን ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ «ልብ ወለድ ታሪክ» መባሉ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ጥልቅ ነው። ለመሆኑ እኛ የምናነበው ልብ ወለድ በእኛ ልብ ውስጥ የሚወልደው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ምክንያት የሆነችን አንዲት ተማሪ ናት። ለዘመድ ለቅሶ ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ በኩል አድርገን ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ በወረድንበት ጊዜ ያረፍንበት ቤት እመቤት ከገጠር መጥታ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረቻቸው። እመቤቲቱም፣ «አባ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ስታነብ ታድራለች፤ የትምህርቱ ደግሞ አይደለም» አሉን። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ መጽሐፉን አመጣችው። ሽፋኑ አልቆ በጋዜጣ ተለብጧል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙ ገጾቹ ተገንጥለዋል። ታሪኩ የታወቀው ዓይነት ነው፦ ድሀ ነገር ግን ውብ ልጃገረድ፣ መልከ መልካም ባለጠጋ፣ ባሕር ዳር ያለ ቪላ፣ የአልማዝ ቀለበት፣ በመጨረሻም ሠርግ።

«አባ፣ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለችን። «ሳነበው ውኃ መቅዳቱም፣ የስንቄ ማለቅም ይረሳኛል። ስጨርሰው ግን ቤቴም ራሴም ያስጠሉኛል።» ጥቂት ቆይታም ሌላ ነገር ነገረችን። አንድ ደላላ ወደ ዐረብ አገር እንደሚልካት ቃል ገብቶላታል። የምትሠራበትን ቤት ሲገልጽላት ልክ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቤት መሰላት።

ምእመናን ሆይ፣ ይህችን ልጅ ለመገሠጽ አፋችን አልደፈረም፤ ምክንያቱም እኛም ከእርሷ አልተሻልንም ነበር። በዘርአ ክህነት ፍልስፍና በምንማርበት ጊዜ፣ የማታ ጸሎት አብቅቶ መብራት ሲጠፋ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን በባትሪ ብርሃን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት እናነብ ነበር። በማግሥቱ በማስተንተን ሰዓት እናንቀላፋለን። መጽሐፉን ከፍራሽ ሥር ስንሸሽገው አለቃችንን የፈራን ይመስለን ነበር፤ በእውነቱ ግን የሸሸነው ገና ስለ ሕይወታችን ያልወሰንነውን ውሳኔ ነበር።

ቅዱሳንም ይህን ፈተና ያውቁታል። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ በገዛ እጇ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር የፈረሰኞችን የጀብዱና የፍቅር ታሪክ እያነበበች፣ ይህንንም ከአባቷ እየሸሸገች ሌትና ቀን ታሳልፍ እንደ ነበር ትናዘዛለች። ቅዱስ አውግስጢኖስም በኑዛዜው፣ ስለ ፍቅር ብላ ራሷን በገደለችው በዲዶ ታሪክ ሲያለቅስ ስለ ገዛ ነፍሱ ሞት ግን አንዲት ዕንባ አለማፍሰሱን ያዝናል። ዕንባው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የሚፈስበትን ቦታ ስቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት በመድፍ ጥይት እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ፣ የለመዳቸውን የጀብዱ መጻሕፍት ጠየቀ። በቤቱ ስላልተገኙ የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል ሰጡት። አንዳንድ ጊዜ ስለ አንዲት ታላቅ እመቤት ለሰዓታት ያልም ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ቅዱሳኑ ለመኖር ይመኝ ነበር። ሁለቱም ሕልም በሚቆይበት ሰዓት ደስ ያሰኘዋል። ልዩነቱ የታወቀው በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ሲያልፍ ልቡን ደረቅና ባዶ አድርጎት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን ካለፈም በኋላ ደስታው አብሮት ይቆያል። መናፍስትን የመለየት ትምህርቱ የጀመረው ከዚህ ነው። የአርብ ገበያዋ ተማሪም «ስጨርሰው ቤቴም ራሴም ያስጠሉኛል» ባለች ጊዜ፣ ኢግናጥዮስ በሕመም አልጋው ላይ የተረዳውን ያንኑ ነገር ተናግራለች።

ታዲያ ልብ ወለድ ሁሉ ይጣል ማለታችን ነውን? አይደለም። ጌታችን ራሱ በምሳሌ አስተማረ። ነቢዩ ናታን ስለ ድሀውና ስለ አንዲት በጉ ታሪክ በመናገር የዳዊትን ልብ ሰበረ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥነ ጽሑፍ በሕንጸት ስላለው ድርሻ በጻፉት መልእክት ካህናትም ሆኑ ምእመናን ልቦለድና ግጥም እንዲያነቡ አደፋፍረዋል፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በአርጀንቲና፣ በሳንታ ፌ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል። ፍቅርንም መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ መኃልየ መኃልይ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነውና።

ስሕተቱ ያለው ጣፋጩ ታሪክ በሚደብቀው ነገር ላይ ነው። ታሪኩ በሠርግ ያልቃል፤ ምሥጢረ ተክሊል ግን በሠርግ ይጀምራል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሕፃን ሌሊት አያለቅስም፤ ባል አይታመምም፤ እህል አያልቅም፤ ይቅርታ መጠየቅ የሚያሻው ሰው የለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ይኸው ምኞት በሳሎናችን ገብቷል፤ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ወደ መኝታችን ደርሷል። መሣሪያው ቢለወጥም መመዘኛው ያው ነው፦ ካለቀ በኋላ በልቤ የቀረው ምንድን ነው? ባልንጀራዬን አሳየኝ ወይስ ከለለብኝ?

ስንለያይ ልጅቱ፣ «አባ፣ እሺ፤ ይህን ልተው። ታዲያ ምን ላንብብ?» አለችን። ከረጢታችን ውስጥ ከጸሎት መጽሐፋችን በቀር ምንም አልነበረም። አፈርን። የምንሰጠው ሳይኖረን ለመከልከል ብቻ እንደምንፈጥን ያን ጊዜ ተረዳን። ስለ ደላላውም የምናውቀውን አልሸሸግንም፤ በስደት ፓስፖርታቸው ስለ ተቀማባቸው፣ ደመወዛቸው ስለ ተከለከለባቸው እኅቶች ነገርናት፤ ከተመለሱት አንዲቱን ሳታነጋግር እንዳትወስንም ለመንናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ሾፌር እጅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ላክንላት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበቡትና ስንቱን ቤተሰብ በሬዲዮ ዙሪያ የሰበሰበው ይህ ታላቅ መጽሐፍም የፍቅር ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ፍቅርን ከገበሬው ድካም፣ ከዘር ኩራትና ከግፍ ለይቶ አያሳይም። ልጅቱ የላከችው መልስ አጭር ነበር፦ «አባ፣ አለቀስኩ። ሳለቅስ ግን እናቴን አሰብኩ።» እናቷ በልጅነቷ ሳትጠየቅ የተዳረች ናት። የመጽሐፏ ሰብለ ወንጌል በአባቷ ኩራት ምክንያት ሳታገባ ቆየች፤ እናቷ ደግሞ ያለ ዕድሜዋ ተሰጠች፤ ከሁለቱ አንዳቸውንም «ልብሽ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ግን ጋብቻ ያለ ነጻ ፈቃድ እንደማይጸና ታስተምራለች፤ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዕድሜው 18 ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ያ መጽሐፍ ልጅቱን ከቤቷ አላሸሻትም፤ ወደ እናቷ መለሳት።

ስለዚህ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶች በጋዜጣ የለበጡትን መጽሐፍ ስታዩ አትንጠቁ፤ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን አስተርኩአቸው፤ ልባቸው ምን እንደራበው በዚያ ይታወቃችኋል። በየቁምስናው አንዲት የመጻሕፍት ሣጥን ትኑር፤ ገድለ ቅዱሳንም በጎ ልቦለድም ይገኙባት። ባለትዳሮችም የፍቅራችሁን እውነተኛ ታሪክ፣ ከነድካሙና ከነይቅርታው፣ ለልጆቻችሁ ተርኩላቸው፤ እርሱን ካልሰሙ የደላላውን ይሰማሉና።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ ወይኑ ባለቀ ጊዜ ጉድለቱን አይታ ለልጇ ያመለከተች እመቤታችን፣ የልባችንን ባዶ ጋን ለክርስቶስ ታሳስብልን። አሜን።