ሕፃኑን ወደ ሕሙማን አልጋ እንውሰደውን?



ሕሙማንን መጠየቅ ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ጀምሮ እናውቃለን። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚመዝነን ነገር አንዱ ይህ እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተመዝግቦልናል። በአገራችንም «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይባላል፤ ታማሚን ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ ለዓመታት ሲወቀስ ይኖራል። ይሁን እንጂ ይህ ግልጽ ግዴታ የሚያጠያይቅበት ጊዜ አለ። በክንዳችን የአራት ወር ሕፃን ሲኖር፣ በሆስፒታል የተኛችውም ሕፃኑን ለማየት የምትናፍቅ አያቱ ስትሆን፣ ምን ማድረግ ይገባናል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍቅርና ጥንቃቄ የተጋጩ በሚመስሉበት ቦታ ሁሉ የሚነሣ ነው።

ጥያቄው በእኔም ቤት ደርሶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከገጠር መጥታ በከተማ ሆስፒታል ተኛች። ሳል ከጀመራት ከወር በላይ ሆኖ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ላብ ያሰጥማት ነበር፤ ሰውነቷም እጅግ ከስቶ ነበር። በዚያው ወራት እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር፤ እናቴ ግን የልጅ ልጇን ገና አላየችውም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታላቅ አክስታችን እኅቴን ተቆጥተው፣ «ሳታየው ብትሞትስ? የገዛ አያቱ ትንፋሽ አይጎዳውም፤ ልጁን ውሰጂላት» አሏት። እኔም ከአክስቴ ጋር ወገንሁ። እኅቴ መልስ ሳትሰጥ ሄዳ የክፍሉን ነርስ፣ «ሲስተር፣ የአራት ወር ልጄን ላምጣላት ወይ?» ስትል ጠየቀቻት። ነርሷም «የአክታዋ ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ባታመጪው ይሻላል» ስትል መለሰችላት። እኅቴም ልጁን በቤት አስቀረችው፤ በዘመድ መካከልም ጨካኝ ተባለች።

በእርግጥ ጨካኝ ነበረችን? ይህን ለመመለስ ከሁሉ አስቀድሞ እውነታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሆስፒታል የፈውስ ቤት ቢሆንም የብዙ በሽታዎች መገናኛም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል 15 የሚሆኑት እዚያው ሳሉ ሌላ ተላላፊ በሽታ ይይዛቸዋል። የሕፃን ሰውነት ደግሞ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ገና አልጠነከረም። በአገራችን የትክትክ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው ግን በ9 ወር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ሕመምተኛው ሲያስል ወጥተው፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ለሰዓታት ሊቆዩ ይችላሉ። ሕፃን በዚህ በሽታ ሲያዝ ወደ አንጎል ሽፋን የመዛመት አደጋው ከአዋቂው ይልቅ የበረታ ነው፤ ሲወለድ የሚከተበው ክትባት ይህን አደጋ ቢቀንስም ፈጽሞ አያስቀረውም።

ፍቅር ከዚህ አያድንምን? እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በቪየና ሆስፒታል አንድ አስደንጋጭ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞች አስከሬን ከመረመሩበት ክፍል ተነሥተው እናቶችን ሊያዋልዱ ሲሄዱ፣ ሞትን በእጃቸው ይዘው ይገቡ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት እጅግ ቀነሰ። እነዚያ ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። መልካም አሳብ ግን ብቻውን እጅን አያነጻም። አባቶቻችንና እናቶቻችንም ቢሆኑ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷንና ሕፃኑን በቤት ያቆዩ ነበር፤ ስለዚህ ሕፃንን ከአደባባይ መከለል ከባህላችን ውጭ የሆነ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው የሞራል ጥያቄ እንምጣ። «ቅዱሳንስ በሽታን ሳይፈሩ ሕሙማንን አላገለገሉምን?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ቅዱስ ዳሚያን እ.ኤ.አ. በ1873 በሞሎካይ ደሴት ተገልለው ወደሚኖሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሄዶ ከእነርሱ ጋር ኖረ፤ በሽታውም ይዞት በ1889 ዐረፈ። ዳሚያን የሰጠው ግን የራሱን ሥጋ ነበር። ጊዜዬን፣ ገንዘቤን፣ እንቅልፌን፣ እንዲያውም ጤንነቴን ለታመመ ወንድሜ ብሰጥ የራሴን መስጠቴ ነው። የሕፃኑ ጤንነት ግን የእኔ አይደለም፤ በአደራ የተሰጠኝ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው በአደራው ዕቃ ቸር ሊሆን አይችልም። ሕፃኑ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት ስለማይችል፣ ስለ እርሱ የምንወስነው ሁሉ ስለ ራሳችን ከምንወስነው ይልቅ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

በዚህ ነገር ስንከራከር ከሰነበትን በኋላ አንድ ጉድለታችንን አስተዋልን። ስለ እናታችን ስንነጋገር እናታችንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኅቴ በመጨረሻ ነገሩን ገልጣ ነገረቻት። እናቴም «ልጄ፣ እኔ ሁለት ልጅ በኩፍኝ የቀበርሁ ሰው ነኝ፤ እንዴት ብዬ አምጡልኝ እላለሁ? ብድን አየዋለሁ፤ ባልድንም እዚያው ሆኜ እጸልይለታለሁ» ስትል መለሰችላት። ለእርስዋ ተቆርቋሪዎች መስለን የተናገርን ሁላችን አፈርን።

እኔ ደግሞ በተለየ ምክንያት አፈርሁ። ልጁ ይወሰድላት ስል የነበርሁት ሰው፣ ራሴ የምጠይቃት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሥራ በዝቶብኛል እል ነበር። ሕፃኑ ሄዶ ቢያስደስታት የእኔ መቅረት የሚሸፈን መስሎኝ ነበር። ልቤን ስመረምረው፣ ልጁን ልልክላት የፈለግሁት በእኔ ፈንታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሷ የሰጠችኝን የአፍ መሸፈኛ አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሌሊቱን እኔ ማስታመም ጀመርሁ።

ስለዚህ «ሕፃኑን አላመጣም» የሚለው ቃል ብቻውን ሙሉ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በብዙ አገሮች የሆስፒታል በሮች ለጠያቂ ተዘግተው፣ ብዙዎች የወዳጅ እጅ ሳይጨብጡ ሞተዋል። የሕሙማን ብቸኝነት እውነተኛ ሥቃይ መሆኑን ያን ጊዜ ሁላችን ተምረናል። ሕፃኑን ያስቀረ ሰው እንግዲህ ራሱን አብልጦ የመስጠት ዕዳ አለበት። ፎቶግራፉን ይውሰድ፤ በስልክ ድምፁን ያሰማ፤ ከሁሉም በላይ ራሱ ሄዶ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ።

በተቃራኒው ደግሞ ፍርሃትን ጥንቃቄ ብለን እንዳንጠራ እንጠንቀቅ። አጥንቱ ተሰብሮ ወይም በማይተላለፍ ሌላ ሕመም የተኛ፣ ምናልባትም ወደ ሞቱ የቀረበ አያት፣ ሐኪሙ ፈቅዶ ሳለ የልጅ ልጁን እንዳያይ ቢከለከል ይህም ጉዳት ነው። አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን በመቅደስ ታቅፎ በሰላም ለመሰናበት እንደ ተዘጋጀ ወንጌላዊው ሉቃስ ይነግረናል። ሕፃንን መታቀፍ ለሽማግሌ ልብ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ካቴኪስቶችም ሆኑ ወላጆች እንዲህ ያለ ምክር ሲጠየቁ አራት ነገሮችን ቢያስቡ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የታማሚው በሽታ ተላላፊ እንደ ሆነና በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሕሙማን ሁኔታ ምን እንደሚመስል ከሐኪም ወይም ከነርስ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ጤነኛ መሆኑንና ክትባቱን መከታተሉን ማረጋገጥ፤ ጉንፋን የያዘው ሕፃን የደከመውን ታማሚ ሊጎዳ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ታማሚውን ራሱን መጠየቅ። አራተኛ፣ ልጁን የምንወስደው ለታማሚው ደስታ ነውን፣ ወይስ ከዘመድ ወቀሳ ለመዳንና የራሳችንን መቅረት ለመሸፈን? ብሎ ኅሊናን መመርመር።

የእናቴ ሕመም የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በገጠር አብረዋት ይኖሩ የነበሩትም ተመረመሩ። እርስዋም የስድስት ወሩን መድኃኒት ጀመረች፤ ሐኪሙ «አሁን ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም» ባለ ጊዜ የልጅ ልጇን በእኅቴ ደጅ፣ በጠዋት ፀሐይ ታቀፈችው። ይሁን እንጂ ነገሩ በደስታ ስለ ተፈጸመ ብቻ እኅቴ ትክክል ነበረች አልልም። እናቴ ልጁን ሳታየው ሞታ ቢሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ እናዝን ነበር፤ ምናልባት እኅቴ ዕድሜዋን ሁሉ ታለቅስ ነበር። ውሳኔዋ ግን ያው ትክክለኛ ውሳኔ በሆነ ነበር። ምክንያቱም ሰው የሚጠየቀው በወሰነበት ሰዓት ሊያውቀው በሚችለው እውነትና በልቡ በነበረው ፍቅር ነው፤ ፍጻሜው በእግዚአብሔር እጅ ነው። ሐዘን ሁሉ የበደል ምልክት አይደለም።

በእንዲህ ያለ ምርጫ መካከል ያላችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ጠይቁ፣ መዝኑ፣ ከዚያም በሰላም ወስኑ። ሕፃኑ በቤት ቢቀር እናንተ አትቅሩ።