ከክትክታው ዛፍ በታች

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 19፥4-8

ከአገራችን የሚወርደው የዓባይ ውኃ ካርቱም ሲደርስ የጀሪፍን ዳር እየነካ ያልፋል። በዚያ ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ይኖሩ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን፥ በትንሣኤ ዋዜማ፥ በከተማዪቱ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ወንዝ አጠገብ ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ደጅ ተዘጋ፤ ተማሪው መጽሐፉን ጥሎ ሸሸ፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገር ገቡ።

ከእንዲህ ያለ መከራ የወጣ ወጣት፥ «እንቅልፍ አጣሁ፤ መጸለይም አቃተኝ፤ እንግዲህ እምነቴ ጠፍቷል» ቢለን ምን እንመልስለታለን? «እምነትህ ቢጸና ኖሮ ባልታወክህ ነበር» እንበለውን? አይሆንም! በቆሰለው ትከሻ ላይ ቀንበር መጨመር ይሆንብናልና።

ኤልያስን እንመልከት። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። ተኝቶ እንዲያርፍ ተወው፤ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፤ የቀረው መንገድ ሩቅ እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና። በኮሬብ ቃሉን ያሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ በኮሌጅ ያላችሁ ሁሉ፥ ባልንጀራችሁ ዝም ቢል፥ ከማዕድም ቢቀር፥ ከምክር አስቀድማችሁ እንጀራ አቅርቡለት፤ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ሕመሙ ቢጸናበት ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ሐኪም መፈለግ ክህደት አይደለምና። መጸለይ ላቃተው እኛ እንጸልይለት። የሚያድነን የእምነታችን ብርታት አይደለም፤ ሞትን ድል የነሣው ክርስቶስ ነው እንጂ። እርሱም የደከመውን አይጥልም። አሜን።