ለማኅሌት የተሰጠ ልጅ ስንቁ በማን ላይ ነው?

ሰው ልጁን ለጥበብ ሲሰጥ የሚሰጠው ነገር እንደ ጥበቡ ዓይነት ይለያያል። ለጽሕፈት የተሰጠ ልጅ ዓይኑንና እጁን ያደክማል፤ ለንግድ የተሰጠ ልጅ ሐሳቡን ያደክማል። ለማኅሌት የተሰጠ ልጅ ግን ሁለንተናውን ይሰጣል፤ ድምፁ ለዜማ፥ እጁ ለጸናጽልና ለመቋሚያ፥ ትከሻው ለከበሮ፥ ወገቡና እግሩ ለዝማሜና ለሽብሸባ ይሆናሉና። እንግዲህ ልጅን እንዲህ ላለው ትምህርት መምረጥ የሚገባው ማን ነው? ተምሮ እስኪጨርስስ ድረስ ስንቁን መቻል የሚገባው ማን ነው? ሁለቱ ጥያቄዎች አይለያዩም። መራጩ አንድ፥ ከፋዩ ሌላ፥ ተጠቃሚውም ሦስተኛ የሆነ እንደ ሆነ በመካከል የሚጎዳው ልጁ ነውና።

ይህ ነገር በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፤ በየጎጆው የሚፈረድ ነገር ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ ግርጌ፥ ከዚያም ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ የሚኖር ገበሬ ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ያለው እንደ ሆነ ሦስት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው በግ አስጠብቆ ኋላ ሞፈር ማስጨበጥ ነው፤ ሁለተኛው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መስደድ ነው፤ ሦስተኛው ለየኔታ መስጠት ነው። ሦስተኛው መንገድ በዚያ አገር እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ደብረ ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቀው ዙር አባም በዚያው በደቡብ ጎንደር ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ደቀ መዝሙር ዕውቀቱን ሊያስመሰክር ወደዚያ ይወጣል። የዚያ አገር ልጅ ደግሞ ዜማውን ካጸና በኋላ አቋቋም ሊማር ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር በአታ ይሻገራል።

ዝማሜን ከዘፈን ጋራ አንድ የሚያደርግ ሰው ቢኖር ትምህርቱን ስለማያውቅ ነው። እስክስታን ልጅ በሠርግ ቤት እያየ ይለምደዋል፤ መምህር አይቀጠርለትም፥ ስንቅም አይቋጠርለትም። አቋቋም ግን ያለ መምህር አይገኝም። ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ንባብንና ዳዊትን፥ ጾመ ድጓንና ምዕራፍን፥ ድጓንም ይማራል። ከዚያ ወዲያ ያወቀውን ቃል በቁም ዜማ ይለዋል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመዋል፤ ቀጥሎ በጸናጽልና በከበሮ ይመረግደዋል፤ ከዚያም በጽፋት ያፋጥነዋል። መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማለቱ ጌታ በመከራው ጊዜ ወዲያና ወዲህ መገፋቱን፥ በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍርም የግርፋቱን ሰንበር እንዲያሳስብ መምህራን ይተረጉማሉ። ስለዚህ ልጁ የሚማረው አካሉን ማወዛወዝ ሳይሆን በአካሉ መተርጎም ነው። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽብ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ ንቀቷም እንዳልጠቀማት የታወቀ ነው።

የመምረጥ ነገር እንዲህ ነው። በሰባት ዓመቱ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ የለም፤ ወላጅ ባይመርጥለት ችግር ይመርጥለታል። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድም ራሱ መርጦ ትምህርት አልገባም። አባቱ ቢሞት እናቱ ታውክልያ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ አልገባው ብሎ ቢመታ ሸሸ። በማይ ኪራህ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ እየሞከረ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አየና ወደ መምህሩ ተመለሰ ይላል ታሪኩ። በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የትሉን ትጋት ነው፤ ዳሩ ግን ሌላም ትምህርት አለበት። በመጀመሪያ የላከችው እናቱ ናት፤ በሁለተኛው የመጣው ግን ራሱ ነው፤ ማንም ጎትቶ አልመለሰውም። ሊቅ ያደረገውም የመጀመሪያው መሄድ ሳይሆን የሁለተኛው መመለስ ነው።

ከዚያው ከደቡብ ጎንደር የተገኘ ሌላ ምሳሌ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት፥ በፎገራ የተወለዱት፥ በጨዋታ ዐዋቂነታቸው አገር ሁሉ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የጣና ማዕበል ሲናወጥ፥ በዳሩም ያለው ደንገል በነፋስ ሲያጎነብስና ሲቃና አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ባሏቸው ጊዜ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ዛሬ ያ ስልት የሚጠራው በአባት ስም ሳይሆን በልጅ ስም ነው፤ ተክሌ አቋቋም ይባላል። ይህም በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ አባት ያሰበውን ልጅ በገዛ አካሉ ባይፈጽመው ኖሮ ሐሳብ ሆኖ ይቀር ነበርና ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። መጀመር የወላጅ ነው፤ መፈጸም የልጁ ነው። ንባቡንና ዳዊቱን እስኪፈጽም ድረስ አባት ቢያዝ ይገባዋል፤ ዕድሜው ለመታዘዝ ነውና፥ የተማረውም ነገር የትም ቢሄድ አይከስርበትም። በዜማ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን፥ ይልቁንም ወደ አቋቋም ሲሻገር፥ ልጁ ሊጠየቅ ይገባል። ጆሮው ዜማ ይይዛልን? ሌሊት ለማኅሌት ሲቀሰቀስ በደስታ ይነሣልን? ሳይታዘዝ ብቻውን ያጠናልን? ይህ ሁሉ ታይቶበት እወዳለሁ ቢል ይሂድ፤ አልወድም ቢል በቤተ ሰቡ ዘንድ እንደ ከሐዲ አይታይ። ዳዊቱን ይዞ የተመለሰ ልጅ ዲያቆን ሊሆን፥ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ሊቀጥል፥ የሚያነብ ገበሬም ሊሆን ይችላል። መመለሻ በር የሌለው ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር አያወጣም፤ ግዞተኛ ያወጣል እንጂ።

ከዚህ በኋላ የስንቅ ነገር ይመጣል፤ ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ሥርዓት በሦስት ምሰሶ የቆመ ነበር። አንደኛው የወላጅ መሥዋዕት ነው፤ ልጁን የሰጠ ገበሬ እረኛውን ሰጥቷልና። ሁለተኛው መሬት ነው፤ መምህሩም ደብተራውም ስለ አገልግሎቱ በያዘው መሬት ይኖር ነበርና። ሦስተኛው የመንደሩ ቁራሽ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፤ ባለቤቲቱም ካላት ቆርሳ ትሰጠዋለች። ማንም ተሰብስቦ ሕግ ሳያወጣለት አገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ የዜማውን ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት አኖረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ከሦስቱ ምሰሶዎች መሬቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ወደቀ። ያ አዋጅ ለጭሰኛው ያመጣለትን መብት መካድ አይገባም፤ ነገር ግን የመምህሩ ቀለብ ከወዴት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ሳያገኝ ቀረ። የመንደሩ ቁራሽም ዘመመ። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ አፈሩ በመታጠቡ፥ ዝናሙም በመዛባቱ እህል የሚያጥርባቸው፥ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ራሷ እህል በስፍር የምትቀበል ሴት በደጇ ለቆመ ተማሪ ስትቆርስለት ከትርፏ አይደለም፤ ከልጇ ጉርሻ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሰጠችው በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት እንደ ሆነች ካህናት ያስተምራሉ፤ የዚያች መበለት ምስጋና ግን ለባለጠጎቹ ማምለጫ እንዲሆን አልተነገረም።

በዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ልመና ለተማሪ የትሕትና ትምህርት ነው፤ ታላላቆቹ ሊቃውንት ሁሉ በቁራሽ አድገዋል፤ ጠግቦ የተማረ ልጅ ይታበያል ይባላል። ይህ ቃል በከንቱ የተነገረ አይደለም። በየደጁ የቆመ ልጅ የሰውን ፊት ማንበብ፥ ያገኘውንም ከባልንጀራው ጋራ መካፈል ይማራል፤ ኋላም መምህር ሲሆን ድኻውን አይንቅም። ነገር ግን ትሕትናና ረኃብ አንድ አይደሉም። ትሕትና የሚጠቅመው ሰው ሲቀበለው ነው፤ ረኃብ ግን ሳይጠይቅ ይመጣል፤ ማስታወስንም ይነሣል፥ ጉልበትንም ይሰብራል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያሸበሽብ አካል በባዶ ሆድ አይሠራም። ደግሞም በቁራሽ አድገው ሊቅ የሆኑት ይታያሉ፤ በረኃብና በበሽታ ከመንገድ የቀሩት ግን አይታዩም፥ ምስክርም የላቸውም። የዳኑትን ብቻ ቆጥሮ መንገዱ ደኅና ነው ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ይልቁንም ልመናን የሚያመሰግነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ልጁን ወደ ልመና የማይልክ ሰው ነው።

በውጭ ዓለምም የአካልን ጥበብ ለልጅ ያስተማሩ ሰዎች ዓላማቸው ከማኅሌት ጋራ ፈጽሞ ቢለይም፥ ስለ ስንቅ የሚያስረዱት ነገር አለ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1713 በፓሪስ ኦፔራ የዳንስ ትምህርት ቤት እንዲቆም አዘዘ፤ ትምህርቱም ያለ ክፍያ ነበር። በሩሲያም በእቴጌ አና ዘመን በ1738 በፒተርስበርግ የቤተ መንግሥት አሽከሮች ልጆች በመንግሥት ወጪ ዳንስ መማር ጀመሩ። በአዲስ አበባም በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ከጎዳና ልጆች ጋራ ሥራ ጀምሮ፥ ከእነርሱ የተመረጡት ጥቂቶች አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን አቆሙ፤ ዓመታት የፈጀውን ሥልጠናቸውንም የበጎ አድራጎት ድርጅት ቻለላቸው። በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች የድኻ ልጅ አባት ብቻውን ሊሸከመው እንደማይችል ታውቆ ሌላ ሰው ከሸክሙ በታች ገብቷል። ከፋዩ ማን ነው ቢሉ፥ ንጉሡ ቢሆን ጥበቡን በቤተ መንግሥቱ ስለሚያይ ከፈለ። ማለት የሚያይ፥ የሚሰማ፥ የሚደሰት እርሱ ዕዳ አለበት።

እንግዲህ የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን ልጅ ማኅሌት የሚሰማው ማን ነው? ቁራሽ የሰጠችው ሴት ብቻ አይደለችም። ልጁ አድጎ መሪጌታ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ከተማ ይጠራል፤ በባሕር ዳር፥ በአዲስ አበባ፥ በባሕር ማዶም ባሉ አድባራት ይቆማል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ክብሩን የተቀበለው አገር በሙሉ ነው። ዘሩን የዘራው ጭንጫ መሬት ላይ ያለው ድኻ፥ መከሩን የሚሰበስበው ከተሜው ሆነ ማለት ነው።

ከተሜው ግን አይሰጥም ማለት አይደለም። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳን የአብነት ትምህርት ቤቶችን በመርዳት ይታወቃል፤ ሌሎችም የሚረዱ አሉ። ዳሩ ግን የምእመኑ ስለት ወዴት እንደሚሄድ ቢመረመር ብዙው ወደ ጃንጥላ፥ ወደ ምንጣፍና ወደ መጋረጃ ነው። ጃንጥላው በዕቃ ቤት ተደራርቦ ሳለ በጃንጥላው ሥር የሚያሸበሽበው ልጅ በጎጆው ይራባል። ልጄ ከበሽታው ቢድንልኝ የአንድ ደቀ መዝሙር የዓመት ቀለብና ልብስ እችላለሁ ብሎ የሚሳል ሰው ስለቱ ከምንጣፍ ያንሳልን? አንድ ሰንበቴ ወይም አንድ ማኅበር በዓመት አንድ ልጅ ቢይዝ፥ አንድ ደብር የአንድ መምህርን ደመወዝ ቢሸፍን ከአቅም በላይ አይደለም። መንደርተኛውም ገንዘብ ባይኖረው ልጁን ለሰጠው ገበሬ በደቦ አንድ ቀን ቢያርስለት የእረኛውን ጉድለት ያቃልልለታል።

በዚህ አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። የከፈለ ሰው ልጁን የገዛ እንዳይመስለው ነው። በንጉሥ ወጪ የተማረ የንጉሥ አገልጋይ ይሆን ነበር፤ በምእመናን ወጪ የተማረ ግን የማንም ባሪያ አይደለም። በመካከል ትምህርቱን ቢተው ብድር ክፈል አይባል፤ የተሰጠው ስለ ዕዳ ነው እንጂ ስለ ውል አይደለምና። ስንቁ በዕዳ መንፈስ ካልተሰጠ በምርጫ ላይ የተሰጠው ፍርድ ይፈርሳል፤ የበላውን መክፈል የሚፈራ ልጅ አልወድም ለማለት አፍ አይኖረውምና።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ከሚነገረው ሁሉ ካህናት የማይረሱት አንድ ነገር አለ። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በማኅሌታዩ እግር ላይ ተከለው፤ ደም ፈሰሰ፤ ሁለቱም አላወቁም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዜማው ጣዕም ነው። ነገር ግን ንጉሡ ባወቀ ጊዜ ያደረገውም ሊነገር ይገባል፤ ዜማው ጣፈጠኝ ብሎ ዝም አላለም፥ የደምህን ዋጋ የወደድከውን ጠይቀኝ አለው እንጂ። በጥምቀትና በልደት ሌሊት በከተማ አድባራት ቆሞ በማኅሌቱ የሚመሰጥ ምእመን ሁሉ ሳያውቅ ጦሩን በአንድ የጋይንት ልጅ እግር ላይ ተክሎ ይሆናል። ሳያውቅ ያደረገው በደል አይሆንበትም፤ ካወቀ በኋላ ግን ዋጋውን መጠየቅ የእርሱ ፋንታ ነው።