ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ልጆቼ፣ አበው «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይላሉ። ቦሌና ገርጂ ካፌ ተቀምጣችሁ ስለ አገራችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ፤ መቆርቆራችሁን እወደዋለሁ። ሳታነቡ መፍረዳችሁ ግን ያሳዝነኛል። አንዱ «ፍልስፍና የፈረንጅ ነው፣ እኛ ምን አለን?» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም ከእኛ ወጣ» ብሎ ይፎክራል። እስቲ ከሥሩ የጀመሩ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ካናዳ የተወለዱ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው በአዲስ አበባ ፍልስፍና አስተማሩ፤ በ2012 ዐረፉ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንላለን፤ እሳቸውም በምርጫቸው ያገር ሰው ሆነው እርሻችንን አረሱ። ከ1974 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ አሳተሙ።

ያኔ አንድ ከባድ ክስ ነበረ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፣ በኢትዮጵያዊው ፈላስፋ በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን ሐተታ የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ነበር። ሰምነር ለዚህ በቁጣ አልመለሱም። የዘርዓ ያዕቆብንና የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገው አነጋገሩን፣ ሐሳቡን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰውን መረመሩ፤ የሁለት ኢትዮጵያውያን ሥራ ነው ብለውም ደመደሙ። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ቢሆንም እሳቸውን መርታት የሚሻ እንደ እሳቸው ጽሑፉን መመርመር ግድ ይለዋል።

ለፎካሪውም መልስ አላቸው። መጽሐፈ ፈላስፋና ፊሳልጎስ የተባሉት የግእዝ መጻሕፍት ከውጭ የመጡ መሆናቸውን አልሸሸጉም። ኢትዮጵያዊ ተርጓሚ ግን የተቀበለውን እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እያሻሻለ የራሱ እንደሚያደርገው አሳዩ። ከሌላ መማር ውርደት አይደለም፤ ሳይመረምሩ መዋጥ ነው ውርደቱ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ነውና የአያቶቻችሁንም ተረት አትናቁ። ሰምነር በስተርጅና የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት ሰብስበው በሦስት ቅጽ ተንትነዋል። በቃል የሚኖር ጥበብም መመርመር የሚገባው ፍልስፍና መሆኑን አስተምረውናል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሩቅ አይደለም፤ ሂዱና ሐተታውን ራሳችሁ አንብቡ። ስልካችሁ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ማን አለው፣ የት አለው፣ ማስረጃው ምንድን ነው በሉ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና። ከምትጠሉት ሐሳብ ይልቅ የምትወዱትን አጥብቃችሁ ፈትኑ፤ የጠላችሁትንማ ማንም ሳይነግራችሁ ትጠረጥሩታላችሁ።